ወረቀቱን አሳዩን፦ ስለ ሕዝብ ገንዘብና ስለ ሕዝብ ቁጣ የተደረገ ንግግር

ውድ ታዳሚዎች፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በአንድ ቃል ልጀምር። የሕዝብ ገንዘብ የወሰደን ባለሥልጣን በአማርኛ ምን እንለዋለን? «ሰረቀ» እምብዛም አንለውም። «በላ» ነው የምንለው። «በጀቱን በሉት»፣ «ፕሮጀክቱ ተበላ»፣ «ሰውዬው ደህና አድርጎ በልቷል»። የሰው ቤት ገብቶ ቴሌቪዥን ይዞ የወጣው ግን ሌባ ነው። «ቴሌቪዥኑን በላው» የሚል ሰው ሰምታችሁ አታውቁም።

ይህ ልዩነት ያስጨንቀኛል። መብላት ነውር አይደለም። የራበው ይበላል፣ የቀረበለት ይበላል። ስለዚህ ቃሉ ገና ከአፋችን ሲወጣ ለሰውየው ግማሽ ይቅርታ ይዞለት ይሄዳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ደግሞ ይብሳል። እሱማ ያልበላውን ነው ሞኝ የሚያደርገው።

ሌላም ቃል አለ። «የመንግሥት ገንዘብ» እንላለን። ቆም ብላችሁ አስቡት። ካዝናው ውስጥ ያለው ወይ ከሰው ኪስ በግብር የወጣ ነው፣ ወይ ከሕዝቡ መሬትና ማዕድን የተገኘ ነው፣ ወይ ደግሞ ልጆቻችን ነገ የሚከፍሉት ብድር ነው። «የመንግሥት» ሲባል ግን ባለቤት የሌለው ይመስላል። ባለቤት የሌለው ነገር ሲጠፋ ደግሞ ማን ይፈልገዋል?

«እኔ ሥራ የለኝም፣ ግብር አልከፍልም፣ ምን አገባኝ» የሚል ወጣት በተደጋጋሚ አጋጥሞኛል። ወንድሜ፣ ትከፍላለህ። ሳሙና ስትገዛ ትከፍላለህ። ስልክህን ስትሞላ ትከፍላለህ። ዋጋው ውስጥ ታክስ አለ፤ ታክሱን የሚያስገባው ነጋዴው ቢሆንም የሚሸከመው የመጨረሻው ገዢ ነው። ሀብታሙም ድሃውም በአንድ ሳሙና ላይ የሚከፍሉት ታክስ እኩል ነው። ለሀብታሙ ምንም አይደለም። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው ግን ያቺ ሳንቲም ከምሳው ላይ የተቀነሰች ናት። ስለዚህ ገንዘቡ ሲጠፋ ለመቆጣት ከማንም በላይ መብት ያለው እሱ ነው።

ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ ቁጣ ላወራ ነው። ፖለቲከኛ አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከሂሳብ መዝገብ ጋር ነው። ደረሰኝ፣ ቫውቸር፣ የክፍያ ሰነድ ሳገላብጥ ነው የኖርኩት። እናም የምለው አንድ ነገር ነው። ቁጣው ልክ ነው፤ ግን የት ላይ እንደሚያርፍ መምረጥ አለብን። ሰውየው ላይ ብቻ ካረፈ፣ ሰውየው ሲወድቅ ቁጣውም አብሮ ይወድቃል። ሰነዱ ላይ ካረፈ ግን ሰውየው ከሄደ በኋላም ሥራውን ይቀጥላል። ይህን በየአገሩ ከሆነው ነገር ላሳያችሁ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን ስለ ቁጣው ራሱ ትንሽ ልበል። «ቁጣ ምን ያመጣል? በሰከነ መንፈስ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አከብራቸዋለሁ፣ ግን አልስማማም። ሰው የራሱ ያልሆነ ነገር ሲጠፋ አይቆጣም። ያዝናል እንጂ። የሚቆጣው የኔ ነው ያለው ነገር ሲነካበት ነው። ስለዚህ ሕዝብ በባከነ በጀት ተቆጣ ማለት ባለቤትነቱን አወቀ ማለት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የማይቆጣው ነው። «ሁሉም ያው ነው» ብሎ ትከሻውን የሚነቀንቀው።

ቁጣ ደግሞ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ነው። ብሪታንያን ውሰዱ። በ2009 የፓርላማ አባላት ለወጪ ማካካሻ ያቀረቧቸው ሰነዶች በጋዜጣ ወጡ። ከሁሉ በላይ በሰው አእምሮ የቀረው ምን መሰላችሁ? የዳክዬ ቤት። አንድ የፓርላማ አባል በግቢያቸው ኩሬ ላይ ለሚንሳፈፍ የዳክዬ ቤት 1,645 ፓውንድ ይተካልኝ ብለው ነበር። ጥያቄው ውድቅ ተደርጎባቸዋል፣ ገንዘቡም አልተከፈለም። በዚያው ሰሞን መንግሥት የወደቁ ባንኮችን ለማንሳት ቢሊዮኖችን እያፈሰሰ ነበር። ሰው ግን የሚያወራው ስለ ዳክዬዋ ነው።

ይህን ሲሰሙ «አየህ፣ ሕዝብ አይገባውም፤ ትልቁን ትቶ ትንሹን ያያል» የሚሉ አሉ። አይደለም። ቢሊዮንን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። 1,645 ፓውንድ ግን የስንት ሳምንት ደመወዝ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሰው የሚቆጣው በሚለካው ነገር ነው። ትንሿ ነገር የአስተሳሰቡ ናሙና ናት። ለዳክዬ ቤት የሕዝብ ገንዘብ ለመጠየቅ እጁ ያልተንቀጠቀጠ ሰው ትልቁን ውል ሲፈርም እንዴት ይጠነቀቃል?

ሊባኖስም እንዲሁ ነበር። በኦክቶበር 2019 መንግሥት በዋትስአፕ ጥሪ ላይ ክፍያ ሊጥል እንደሆነ ተሰማ። ሰው ያን ምሽት ወደ ጎዳና ወጣ። ክፍያው በሰዓታት ውስጥ ተሰረዘ። ሰው ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም፣ ምክንያቱም ለዓመታት መብራት እየጠፋበት፣ ቆሻሻ ሳይነሳለት፣ ሲከፍል ኖሯል። የዋትስአፑ ነገር የመጨረሻዋ ጠብታ ነበረች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚመጣው። ለቀቁ፣ ከዚያስ?

ጓቲማላን ልንገራችሁ፤ ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በኤፕሪል 2015 በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የተቋቋመ የምርመራ ኮሚሽን ከአገሪቱ ዐቃቤ ሕግ ጋር ሆኖ ትልቅ የጉምሩክ ማጭበርበር አጋለጠ። አስመጪዎች ጉቦ ይከፍላሉ፣ ቀረጡ ይቀነስላቸዋል፣ ጉቦው እስከ ላይ ይደርሳል። ሕዝቡ በየቅዳሜው አደባባይ ወጣ። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ፣ በሰላም። በሜይ ምክትል ፕሬዚዳንቷ ለቀቁ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንቱ ኦቶ ፔሬስ ሞሊናም ለቀቁና ታሰሩ። እንዲህ ያለ ድል በየቀኑ አይታይም።

ከዚያ ምርጫ መጣ። ሕዝቡ በነባር ፖለቲከኞች ተማርሮ ስለነበር ኮሜዲያኑን ጂሚ ሞራሌስን መረጠ። የምረጡኝ መፈክራቸው «ሙሰኛም ሌባም አይደለሁም» የሚል ነበር። ቁጣው የፈለገው ንጹሕ ሰው ነበርና ንጹሕ ነኝ ያለውን ሰው አገኘ። ኮሚሽኑ ግን ብዙም ሳይቆይ የእሳቸውን የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ መመርመር ጀመረ። ፕሬዚዳንቱም የኮሚሽኑን ውል ሳያድሱት ቀሩ። በሴፕቴምበር 2019 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያንን ምርመራ የመሩ ዐቃብያነ ሕግና ዳኞች አንድ በአንድ አገር ጥለው ተሰደዱ።

ሰዎቹ ወደቁ። ሰነድ የሚያገላብጠው ተቋም ሲወድቅ ግን አደባባዩ እንደዚያ ጊዜ አልሞላም። እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው።

በኔፓል የሆነውን ደግሞ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በሴፕቴምበር 2025 ማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘጋና የባለሥልጣን ልጆች የቅንጦት ኑሮ ሲታይ ወጣቶች አደባባይ ወጡ። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ወጣቶች በጥይት ተገደሉ። ያንን ደም ያየ ሰው ቢቆጣ ማን ይፈርድበታል? በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቀቁ። በዚያው ቀን ግን ፓርላማው፣ የመንግሥት ዋና መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ግቢና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተቃጠሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ70 በላይ ሰው ሞተ። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ሐዘን ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል። ይህን ብዬ ግን እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አንድ ነገር ልጨምር። ፍርድ ቤቱ ሲቃጠል መዝገቦቹም አብረው ተቃጥለዋል። ሌባ እሳት ይወዳል። እሳት ያልተወራረደ ሂሳብን በአንድ ሌሊት ያወራርዳል።

አሁን ወደ ውስጥ ልግባ። ገንዘቡ የሚወጣው እንዴት ነው? ብዙ ሰው በሻንጣ የሚወጣ ይመስለዋል። አልፎ አልፎ በሻንጣም ይወጣል። አብዛኛው ግን የሚወጣው በፊርማና በማኅተም ነው። ጨረታ ይወጣል፤ መስፈርቱ ግን ለአንድ ድርጅት በልኩ የተሰፋ ነው። ሌሎቹ ይገቡና ይወድቃሉ። ወይም ደግሞ ትልቁ ግዥ ይሸነሸናል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ጨረታ ከሚያስፈልገው መጠን በታች እንዲሆን ተደርጎ። ወይም «አስቸኳይ ነው» ይባልና ያለ ጨረታ በቀጥታ ይገዛል። አስቸኳይ የሆነው ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ ዓመቱን ሙሉ ተኝተው ከርመው በጀት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የነቁበት ነው። ወይም ተቋራጩ በዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፍና ሥራው ከተጀመረ በኋላ «ተጨማሪ ሥራ» እየተባለ ዋጋው ያብጣል። የደመወዝ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ የሌለ ሰው ይገባል። የሞተ፣ የለቀቀ፣ ጭራሽ ያልተወለደ።

ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ወረቀት ይተዋል። የጨረታ ሰነድ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የክፍያ ማዘዣ፣ የርክክብ ሰነድ። ሌባው ያለ ወረቀት መውሰድ አይችልም፤ ምክንያቱም ካዝናው ያለ ወረቀት አይከፈትም። ስለዚህ ማስረጃው ሁልጊዜ ከስርቆቱ ጋር አብሮ ነው የሚወለደው። ጥያቄው ወረቀቱን ማን ያየዋል የሚለው ነው።

ይህን ከማንም በፊት በግልጽ ያዩት ከፍተኛ ትምህርት የተማሩ ሰዎች አልነበሩም። በሰሜን ምዕራብ ሕንድ፣ ራጃስታን ውስጥ ያሉ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ታሪኩን ረዘም አድርጌ ብነግራችሁ ይቅር በሉኝ፤ የምወደው ታሪክ ነው።

በድርቅ ጊዜ መንግሥት ለድሆች ሥራ ይከፍታል። መንገድ፣ ግድብ፣ ጉድጓድ ያሠራል፣ የቀን ክፍያ ይከፍላል። ሠራተኞቹ ግን ሕጉ ያስቀመጠውን ዝቅተኛ ክፍያ እንኳ አያገኙም። ሲጠይቁ «መዝገቡ ላይ ሥራችሁን አልጨረሳችሁም ተብሎ ተጽፏል» ይባላሉ። «መዝገቡን አሳዩን» ይላሉ። «መዝገቡ ሚስጥር ነው» ይባላሉ።

አስቡት እንግዲህ። የራሳቸው ላብ የተጻፈበት መዝገብ ከእነሱ የተሰወረ ሚስጥር ነው።

በ1990 ማዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን የሚባል የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዷ አሩና ሮይ ናቸው። ቀደም ሲል የመንግሥት ከፍተኛ አስተዳደር ሥራ ነበራቸው፤ ትተውት ነው ወደ መንደር የገቡት። ማኅበሩ ብዙ ሞከረ፣ የረሃብ አድማም አደረገ። ከዚያ በዲሴምበር 1994 ኮት ኪራና በሚባል መንደር አዲስ ነገር ጀመረ። የሕዝብ ችሎት አሉት። ድንኳን ተተከለ። የመንደሩ ሰው ተሰበሰበ። አብዛኛው ማንበብ አይችልም። በብዙ ትግል የተገኙት የሥራ መዝገቦችና ደረሰኞች ድምፅ ተጨምሮባቸው ተነበቡ።

እከሌ፣ ይህን ያህል ቀን ሠርቶ ይህን ያህል ተከፈለው። ሰውየው ከሕዝቡ መሃል ይነሳል። «እኔ አንድ ቀን እንኳ እዚያ ሥራ ላይ አልነበርኩም»። እከሌ ተከፈለው። «እሱ ከሞተ ቆይቷል» ይላል ጎረቤቱ። እንዲህ ያለ ሕንፃ ተሠርቶ ተጠናቀቀ። ሕንፃው እዚያው ይታያል፣ አልተጠናቀቀም።

እኔ ይህን ሳነብ በሙያዬ አፈርኩ። እኛ ኦዲተሮች ቢሮ ተቀምጠን ፊርማው ከፊርማው ጋር፣ ቁጥሩ ከቁጥሩ ጋር ይገጥማል ወይ ብለን እናያለን። ከገጠመ ንጹሕ ነው እንላለን። የሞተው ሰው መሞቱን የሚያውቀው ግን ጎረቤቱ ነው። ድንጋዩ በእውነት ከየት እንደመጣ የሚያውቀው የተሸከመው ሰው ነው። ማንበብ የማይችል ሕዝብ፣ ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ሲነበብለት፣ በአንድ ከሰዓት የሠራውን ምርመራ የኛ ቢሮ በዓመት አይሠራውም።

በ1996 ቢያዋር በምትባል ከተማ 40 ቀን ተቀመጡ። የጠየቁት ሰነዱን ኮፒ አድርጎ የመውሰድ መብት ነው። መፈክራቸው አጭር ነበር፦ ገንዘቡ የኛ፣ ሂሳቡም የኛ። አዩት? ማንንም አይሳደብም። ግን መልስ የሌለው ነገር ነው። ራጃስታን በ2000 መረጃ የማግኘት ሕግ አወጣች፣ በ2005 ደግሞ ሕንድ ለመላ አገሪቱ አወጣች። ዛሬ በየዓመቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥያቄዎች በዚያ ሕግ ይቀርባሉ። ከአንድ የመንደር ድንኳን ነው የተነሳው።

ኡጋንዳ ውስጥ ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሪትቫ ራይኒካና ያኮብ ስቬንሰን፣ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ። መንግሥት ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር የሚልከው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ይደርሳል ወይ? 250 ትምህርት ቤቶችን አዩ። ከ1991 እስከ 1995 በነበሩት ዓመታት በአማካይ ትምህርት ቤት የደረሰው 13 በመቶው ብቻ ነበር። ከ100 ውስጥ 13። ሌላው መንገድ ላይ ቀረ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ጭራሽ ምንም አላገኙም።

አብዛኞቹ ወላጆች ግን አልተቆጡም ነበር። ለምን ይቆጣሉ? ገንዘቡ መኖሩን አያውቁማ። ከዚያ መንግሥት ለየወረዳው የሚልከውን መጠን በጋዜጣና በሬዲዮ ማሳወቅ ጀመረ። ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በግድግዳ እንዲለጥፉ ተደረገ። በ2001 ከ80 በመቶ በላይ ይደርስ ነበር። በዚያ ጊዜ ሌሎች ማሻሻያዎችም ስለተደረጉ ውጤቱ ሁሉ የጋዜጣው ነው አልልም። ግን ርዕሰ መምህሩ ጋዜጣውን ይዞ ወረዳ ሲገባ አስቡት። ያ ሰው ከዚያ በፊት ለማኝ ነበር። አሁን አበዳሪ ነው፤ ብሩን ሊያስከፍል ነው የመጣው።

«ወረቀቱ ራሱ ቢዋሽስ?» ትሉኝ ይሆናል። ይዋሻል! በደንብ ይዋሻል። በደቡብ አፍሪካ የፕሬዚዳንት ዙማ የግል መኖሪያ በሕዝብ ገንዘብ ሲታደስ የመዋኛ ገንዳው «የእሳት አደጋ መከላከያ ገንዳ» ተብሎ ነበር። የከብት በረትና የዶሮ ቤትም ነበረበት። የሕዝብ እንባ ጠባቂዋ ቱሊ ማዶንሴላ በማርች 2014 ሪፖርታቸውን ሲያወጡ ወጪው 246 ሚሊዮን ራንድ እንደሚደርስ ገለጹ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2016 ፕሬዚዳንቱ ከደህንነት ጋር ላልተያያዘው ወጪ ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ወሰነ፤ 7.8 ሚሊዮን ራንድ ከፈሉ። ከጠቅላላው ሲታይ ትንሽ ነው። ግን ያ «የእሳት ገንዳ» የሚል ቃል ወረቀት ላይ ባይጻፍ ኖሮ ውሸቱን የሚይዘው አልነበረም። ወረቀት ላይ የተዋሸ ውሸት ፊርማ አለበት።

ኢንዶኔዥያ ውስጥ ደግሞ ቤንጃሚን ኦልከን የተባለ ኢኮኖሚስት ወረቀቱን ከመሬቱ ጋር አገናኘው። ከ600 በላይ መንደሮች መንገድ ሲሠሩ መሐንዲሶቹ መንገዱን ቆፍረው ምን ያህል ድንጋይና አሸዋ እንደገባበት ለኩ። ከዚያ ከሂሳቡ ጋር አስተያዩት። የኦዲት ሠራተኛ በእርግጠኝነት እንደሚመጣ አስቀድሞ በተነገራቸው መንደሮች የጠፋው ገንዘብ በ8 በመቶኛ ነጥብ ያህል ቀነሰ። ኦዲቱም እንደተባለው ተደረገ።

ብራዚል በ2003 የሚመረመሩትን ማዘጋጃ ቤቶች በዕጣ መምረጥ ጀመረች። የዕጣው ነገር ደስ ይለኛል፤ «ለምን እኔን ብቻ?» የሚል ሰበብ አይሠራም። ውጤቱ ከምርጫ በፊት ሲወጣ ሙሰኛ ከንቲባዎች ድምፅ አጡ። የአካባቢ ሬዲዮ ባለበት ደግሞ የበለጠ አጡ።

ወደ ብሪታንያ ልመለስ፤ የዳክዬዋ ታሪክ ግማሹ ቀርቷል። ያ ሰነድ ከሰማይ አልወረደም። ሄዘር ብሩክ የተባለች ጋዜጠኛ ከ2004 ጀምራ ስትጠይቅ ነበር። እምቢ አሏት። መረጃ የማግኘት ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል እንደገና ጠየቀች። እምቢ አሏት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2008 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይሰጣት አለ። ሰነዱ ሾልኮ ጋዜጣ ላይ የወጣው በማግስቱ ዓመት ነው። የፓርላማው አፈ ጉባኤ ለቀቁ። አፈ ጉባኤ ተገፍቶ ሲወጣ ከ1695 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። የተወሰኑ አባላት ታሰሩ። ከሁሉ በላይ ግን የወጪ ማካካሻን የሚቆጣጠር ገለልተኛ ተቋም ተመሠረተ፤ የአባላቱ ወጪ ዛሬም በዝርዝር ይወጣል። ቁጣው ከበረደ ዓመታት አልፈዋል። ዝርዝሩ ግን መውጣቱን አላቆመም።

አሁን ከባዱን ነገር ልናገር። ወረቀት መጠየቅ አደጋ አለው። በሕንድ ያንን ሕግ ተጠቅመው ሰነድ የጠየቁ ሰዎች ተገድለዋል። በማልታ ጋዜጠኛዋ ዳፍኔ ካሩዋና ጋሊዚያ በኦክቶበር 2017 መኪናዋ ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገደለች። ስለዚህ «ተነስና ጠይቅ» ብዬ በሰው ሕይወት አልጫወትም። የራጃስታን ሰዎች ድንኳን የተከሉት ለዚህም ነው። አንድ ሰው ሲጠይቅ ስም አለው፣ ቤት አለው፣ በር ላይ ይጠብቁታል። አንድ መንደር በአንድ ላይ ሲያነብ ግን ማንን ነጥለው ይይዛሉ? ብቻችሁን አትጠይቁ። በዕድራችሁ፣ በማኅበራችሁ፣ በወላጅ ኮሚቴያችሁ ጠይቁ። ውስጥ ሆኖ ሰነዱን የሚያይ ሐቀኛ ሠራተኛ ሲያጋልጥ ደግሞ ቁጣችን ቶሎ እሱን ይክበብ፣ ይጠብቀው። ብዙ ጊዜ እሱ ከሥራ ሲባረር እኛ ዜናውን አንብበን እናልፋለን። ይህ ያሳፍረኛል።

የመጨረሻው የምነግራችሁ የሰርቢያ ነው። በኖቬምበር 1 ቀን 2024 ኖቪ ሳድ በምትባል ከተማ የባቡር ጣቢያው የኮንክሪት ጣሪያ ወደቀ። ጣቢያው እድሳት ተደርጎለት እንደገና ከተከፈተ ጥቂት ወራት ነበር ያለፈው። በዕለቱ 14 ሰው ሞተ፣ በኋላ ቁጥሩ 16 ደረሰ። ባለሥልጣናት ጣሪያው በእድሳቱ አልተነካም አሉ። ሕዝቡ አላመነም።

ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲዎችን ያዙ። ጣሪያው በወደቀበት ሰዓት፣ ከረፋዱ 5፡52 ጀምሮ፣ መንገድ ላይ ቆመው ዝም ይሉ ነበር። የጥያቄዎቻቸው ዝርዝር ሲወጣ አንደኛው ጥያቄ «እከሌ ይውረድ» አልነበረም። የጣቢያው እድሳት ሰነድ ሁሉ ለሕዝብ ይውጣ የሚል ነበር። ውሉ፣ ሂሳቡ፣ ማን ምን እንደፈረመ። መንግሥት የተወሰነ ሰነድ አወጣ። እነሱ ደግሞ ከባለሙያዎች ጋር ሆነው አዩት፣ ጎደሎ ነው አሉ።

በጃኑዋሪ 28 ቀን 2025 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚሎሽ ቩቼቪች መልቀቃቸውን አስታወቁ። በብዙ አገር ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሰው ይጨፍርና ወደ ቤቱ ይገባል። የቤልግሬድ ተማሪዎች ግን ከሁለት ቀን በኋላ በእግራቸው ወደ ኖቪ ሳድ ጉዞ ጀመሩ። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በብርድ ተጓዙ፣ በየመንደሩ ሰው ምግብ ይዞ ወጥቶ ተቀበላቸው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን፣ ጣሪያው በወደቀ በሦስተኛ ወሩ፣ ከከተማዋ ሰው ጋር ሆነው ሦስቱን ድልድዮች ሞልተው ቆሙ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከለቀቁ አራተኛ ቀናቸው ነበር። ሰነዱ ገና ሙሉ በሙሉ አልወጣም ነበር።